አማቾቼ ቤት አላድርም ብዬ ሆቴል ገባሁ

ሆቴል ማደር ደስ ይላል ይላሉ። እኔንም ደስ ብሎኛል፤ ደስ ያለኝ ግን ከወጣሁ በኋላ ነው። ሆኖም ተመስገን። ብዙ መናገር ስለማልወድ በአጭሩ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ነገሩ አላጥር አለኝ እንጂ።

አንድ ልጅ አለችኝ፤ ማርታ ትባላለች። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አባቷ ለንደን ሆኖ ሲጠራን፣ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ይዣት መጣሁ። አባቷ ዐርፏል፤ ነፍሱን ይማርልኝ። ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር እንደ ቀበሌ ቤት ያለች ትንሽ የካውንስል ቤት አለችን። እኔ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ማርታ ተምራ ፋርማሲስት ሆናለች። ከዚህ በላይ አልለመንኩም ነበር። ሰጪው ግን እሱ ነውና፣ ሳልለምን ኮነር የሚባል የአየርላንድ ልጅ ጨመረልኝ።

ኮነር መጥፎ ልጅ አይደለም። ረጅም ነው፤ ሲያፍር እስከ ጆሮው ይቀላል፤ ሽሮ ሲቀርብለት ሳህኑን ጠርጎ ይበላል። እኔን «እማማ» ይለኛል። እማማ የሚባሉት በሰፈራችን ከዘራ የሚይዙ ባልቴቶች እንደነበሩ የነገረው ሰው የለም። ማርታ ልትነግረው ስትል ከለከልኳት። በፍቅር የመጣ ስም ነው፣ ይቅር አልኳት።

አንድ ቀን ግን «ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጣሪያውን አየ። «ለገና» አለ።

«ያለፈው ገና ሄድክ?»

እስከ ጆሮው ቀላ።

የዚያን ዕለት ለማርታ ቁርጡን ነገርኳት። እናቱን ሳላይ እሺም እምቢም አልልም። ወጣት ጸሎቱን ሊረሳ ይችላል፤ የምትጸልይለት እናት ካለችው ግን አንድ ቀን ይመለሳል። የሌለችው ከሆነስ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው? ማርታም እኔ እሺ ሳልል ቀለበት እንደማታደርግ ቃል ገባችልኝ። ቃሏን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። እንዲህ ሆኖ የሁለቱ ልጆች ነገር እኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ሽማግሌ ስለመላክም ማርታ አስረድታዋለች። ትልልቅ ሰዎች ወደ ሴቷ ወገን ይሄዳሉ፤ ልጅቷን ይጠይቃሉ፤ የመጡበት ሳይመለስላቸው አይቀመጡም፣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም አለችው። ኮነር ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ «ኢሜይል ቢሆንስ?» አለ። እኔ ሻይ ጨመርኩለት።

እናቱ ብሪጅት ትባላለች። እንደ እኔው ባሏ ሞቶባታል። አየርላንድ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለች ጥንታዊ ከተማ ትኖራለች። የከተማዋን ስም አልናገርም፤ እንዲህ ያለ ሆቴል እዚያ አንድ ብቻ ስለሆነ ይታወቅብኛል። ይህች ሴት በነሐሴ ኑልኝ ብላ ጠራችን። የእንግዳ ክፍሏን ቀለም አስቀብታለች፤ አዲስ አንሶላ ገዝታለች። ማርታ ደስ ብሏት ነገረችኝ።

«እማዬ፣ እሷ ጋ ነው የምናርፈው።»

«እኔ አላርፍም።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ አልላኩም። የሴቷ እናት ሳትጠየቅ የወንዱ ወገን ቤት ታድራለች እንዴ?»

«እማዬ፣ አየርላንድ እኮ ነው።»

«አየርላንድ አይመሽም?»

ማርታ አኮረፈች። አባቷ ሲያኮርፍ ሳህን ያጥብ ነበር፤ እሷም ንጹሑን ሳህን ሁሉ አጠበችው። ሲያልቅባት ላፕቶፗን ከፍታ ሆቴል ቡክ አደረገች፤ ለእኔ አንድ ክፍል፣ ለእሷ ጎኑ ያለውን። አብረን ብናድር ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ስነሳ እቀሰቅሳታለሁ።

ባዶ እጅ አይኬድምና ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ኮባ እዚህ ስለሌለ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ሄጄ የሙዝ ቅጠል ገዛሁ። ኤድመንተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ «እዚያ ዳቦ የለም?» ብላ ሳቀችብኝ። ዳቦ ሞልቷል። በሽማግሌ እጅ ተባርኮ የሚቆረስ ዳቦ ግን ሱቅ ውስጥ አይሸጥም።

ኤርፖርት ላይ ዳቦው ተያዘ። በማሽኑ ሲያልፍ ምን መስሎ እንደታያቸው አላውቅም፤ ፈታሹ ሰውዬ ሁለት እጁን ወደኋላ አድርጎ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዳቦ።»

«ይህ ሁሉ?»

«ይህ ሁሉ።»

አለቃውን ጠራት። በጨርቅ ጠረገችው፤ ጨርቁን ሌላ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አሸተተች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። «ቁርስ አልበላሁም» አለች ለሰውዬው። አሳለፉን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከተማዋ በጣም ታምራለች። ግንብ አላት፤ የድንጋይ ድልድይ አላት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መንገዶች አሏት፤ ደወል ይሰማል። ልቤ ረጋ አለልኝ። ይህን ሁሉ አይቼ ሆቴሉም እንዲሁ በድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት መሰለኝ። አይደለም። ወንዙ ዳር የቆመ መስታወት ነው። ከላይ እስከ ታች መስታወት፤ በሩም መስታወት። የበሩን ቦታ በግንባሬ ነው ያገኘሁት።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ ወንበሮች አሉ። ወንበር የምላቸው ሌላ ስም ስላጣሁላቸው ነው። ግማሹ የተሰበረ ትልቅ የእንቁላል ቅርፊት አስቡ፤ ብርቱካን ቀለም ቀቡት፤ መሬት ላይ አስቀምጡት። ማርታ ቼክ ኢን እስክታደርግ ዳቦዬን እንዳቀፍኩ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት ልክ አይደለም፤ ገባሁ። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር እኩል ሆነ። ልነሳ ብል ወንበሩ አብሮኝ ይዞራል።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ።»

«መቼ ጠላሁ።»

ማርታ በአንድ እጄ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በሌላው እጄ ሊስቡኝ መጡ።

«መጀመሪያ ዳቦውን ስጪኝ» አለች ማርታ።

«ዳቦውን አልሰጥም። ከወደቀ የማንን ዓይን አያለሁ?»

ከነዳቦዬ አወጡኝ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ትሕትናዋ አያልቅም፤ «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው» አለችኝ። ታዲያ ሁሉም ሰው እንዲህ ከሆነ ወንበሩን ለምን አይቀይሩትም አላልኳትም። የሰው ቤት ነው።

ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ማርታ ካርዱን ግድግዳው ላይ ሰካችልኝና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ቆሜ አየሁ። አልጋው ሜዳ ያህላል። ንጹሕ ነው፤ እንዲህ ያለ አልጋ ለእኔ ስለተዘጋጀ አመሰገንኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን ፈለግሁ። አልጋው አጠገብ ነው፤ የሚለያቸው መስታወት ብቻ። አልጋው ላይ የተኛ ሰው የሚታጠበውን ሰው ያያል፤ የሚታጠበውም የተኛውን። ይህን ያሰበው ሰው እናቱን ይዞ ሆቴል አድሮ አያውቅም። ጋቢዬን አውጥቼ መስታወቱ ላይ ሰቀልኩ። ያለ ጋቢ አልጓዝም፤ ጥቅሙ ይኸው።

ወንዙን የሚያየው ግድግዳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መስኮት ነው። መጋረጃው ዳር ላይ ተጠቅልሎ ይታየኛል፤ ግን ገመድ የለው፣ መሳቢያ የለው። አልጋው ራስጌ ሥዕል ያለበት ጥቁር ነገር አገኘሁ። ጨረቃ የተሳለበትን ነካሁ፤ ክፍሉ ሐምራዊ ሆነ። ፀሐይዋን ነካሁ፤ ቴሌቪዥኑ ተነስቶ እንኳን ደህና መጡ አለኝ። እኔም እንኳን ደህና ቆዩን አልኩት። ቅጠል የመሰለውን ስነካ መጋረጃው ክፉኛ እያጓራ መጣ፤ መሃል ሲደርስ አሰበበትና ተመለሰ። ደግሜ ብነካው አልመጣም። ጨረቃዋን ደግሜ ብነካ ሐምራዊው ባሰበት። ወደ ታች ደውዬ ሰው ልጥራ አልኩና ተውኩት፤ ለመጋረጃ ብዬ ሦስት ፎቅ ሰው አላስወጣም። ልብሴን ጋቢው ጀርባ ቀየርኩ።

አመሻሹ ላይ ማርታ ገባች። ፊቷን ሳየው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ኮነር ከእናቱ ቤት ደውሎ ነበር። እናቱ ከፍቷታል።»

«ምን አጠፋን?»

«እሷ ቤት የማታርፊው ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ 'ሆቴል ይመቻታል' ብሏት ነው።»

«የሽማግሌውን ነገር አልነገራትም?»

«ለማስረዳት ረጅም ሆነበት።»

ማርታ አልጨረሰችም።

«ነገ ለምሳ በግ ልትጠብስልሽ ነበር።»

«ፍልሰታ ነው እኮ።»

«ነግሬዋለሁ። እሱም ነገራት።»

«ምን ብሎ?»

«'አትበላም' ብሎ።»

«ሌላ ምንም አልጨመረ?»

«ኮነር አጭር ነው የሚናገረው፣ እማዬ።»

እኔም አጭር ነው የምናገረው፤ እንዲህ ግን አላጥርም። እስቲ በብሪጅት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ከለንደን አንዲት ሴት መጣች። የተነጠፈላትን አልጋ ናቀች፤ መስታወት ቤት ገባች። የሚጠበስላትን በግ አትበላም። አውሮፕላን ስወርድ ማንም የማያውቀኝ ሴት ነበርኩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከእኔ የባሰች ኩሩ በዚያ ከተማ አልነበረችም።

ማርታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጮክ ብላ አይደለም፤ አባቷ ያረፈ ጊዜ እንዳለቀሰችው ነው፣ አፏን በእጇ ይዛ።

«አሁን አንቺ እሺ ብትዪ እንኳ እሷ እምቢ ልትል ነው» አለችኝ። «ኮነር ደግሞ እናቱን አስከፍቶ አያገባኝም። እኔም እንዲያስከፋት አልፈልግም። ይህን ነው የምወድለት።»

እሺና እምቢ የእኔ ብቻ መስለውኝ ነበር። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ እናት አለች፤ እሷም እሺ አላት፣ እሷም እምቢ አላት። ይህን ሳላስብ መምጣቴ ገረመኝ።

«ቤቷ የቱ ነው?»

ማርታ ዓይኗን እየጠረገች በመስኮቱ አሳየችኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን፣ ቢጫ በር ያላት ትንሽ ቤት። ድንጋይ ብወረውር የሚደርስባት ትመስላለች።

«አሁኑኑ ልሂድና ላስረዳት» ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ።

«ሽማግሌ ሳይላክ በራቸውን ትረግጫለሽ?» አለችኝ ማርታ።

ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝና ነጠላዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ቆምኩ፤ ምሥራቁ መስኮቱ ነው። መጋረጃው እንደተጠቀለለ ነው። እንግዲህ እኔን ማን ያየኛል ብዬ ጸሎቴን ጀመርኩ። ለማርታ ለመንኩ፤ ለዚያ አጭር ለሚናገር ልጅ ለመንኩ፤ ለከፋት ሴት ለመንኩ። እኔ ያበላሸሁትን አንተ አስተካክለው፣ እኔ ላስተካክል ካልኩ ይብሳል አልኩት። ከዚያ ስግደት ጀመርኩ።

ክፍሉ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚበራ መብራት እንዳለው አላወቅሁም ነበር። ስሰግድ ይበራል፤ ቆሜ ስጸልይ ይጠፋል። ደግሜ ስሰግድ ደግሞ ይበራል። ጨረቃዋን ነካክቼ ስለተውኳት የሚበራው ሐምራዊ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና ብልጭ ድርግም የሚለው ነገር አላሳሰበኝም፤ የሆቴሉ ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት።

ጨርሼ ዓይኔን ስገልጥ የድንጋዩ ድልድይ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ትንሽ ውሻ ይዘዋል። ወደ እኔ አንጋጠዋል፤ ውሻውም ቁጭ ብሎ አንጋጧል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ሰው ሰላም ካለኝ ሳልመልስ አልቀርም። በነጠላዬ ዝቅ ስል መብራቱ ቦግ አለ። ሽማግሌው ውሻውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡና በዚያ ዕድሜያቸው ሊሮጡ ሞከሩ። አገራቸው ብርድ ነው፣ ለመሞቅ ይሆናል አልኩ።

ቁርስ ቤት አልወረድኩም፤ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ማርታ ያበጠ ዓይኗን በውሃ እያቀዘቀዘች እኔ ክፍል ቁጭ ብላ ነበር። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ናት። ሰዎች መጥተው ይጠብቁዎታል አለች።

ነጠላዬን ለብሼ ወረድኩ። ማርታ እጄን ይዛኛለች፤ እጇ ቀዝቅዟል።

ሦስት ሰዎች መስታወቱ በር አጠገብ ቆመዋል። ከኋላቸው ኮነር አለ፤ እስከ ጆሮው ቀልቷል። መሃል ያለችው አጠር ያለች፣ ጸጉሯ የነጣ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ናት፤ ብሪጅት። በቀኟ ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ ከብት የሚያረቡ ትልቅ ሰው፣ ከዘራ ይዘዋል። ማርታ ፓትሪክ ነው የሚባሉት አለችኝ፤ እኔ አቶ ፓትሪክ ነው የምላቸው፣ ሚስተር አፌ ላይ አይመችም። በግራዋ ያሉት ጎረቤቷ አቶ ዶይል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ። ከእግራቸው ሥር ያለውን ውሻ ሳይ አወቅኋቸው። እሳቸውም አወቁኝና ባርኔጣቸውን ደግመው አወለቁ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። ቤቱ የእኔ ባይሆንም ተቀባይዋ እኔ ነኝ።

አቶ ፓትሪክ የእንቁላሉን ወንበር አዩት። ከፊት አዩት፣ ከጎን አዩት። «አመሰግናለሁ፤ እንቆማለን» አሉ።

«ኧረ ተቀመጡ።»

አቶ ዶይልም አዩት። «የመጣነው ለመቀመጥ አይደለም» አሉ።

ልቤ ዘለለ። ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ትልልቅ ሰዎች ከወንዱ ወገን መጥተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም፣ የመጣነው ለመቀመጥ አይደለም ካሉ፣ ለምን እንደመጡ አገር ያውቃል። ማርታ እንኳ ገብቷት እጄን ጨመቀችው።

ብሪጅት መናገር ጀመረች። የአየርላንድ እንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ እኔ የምሰማው የሆሎዌይን ነው። ማርታ ተረጎመችልኝ፤ «እርስዎ» እያለች ነው የተረጎመችው፣ ትባረክ።

«አዝኜብዎት ነበር» አለች ብሪጅት። «ቤቴን የናቁት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ወጥ ቤቴ መስኮት አጠገብ መቁጠሪያዬን ይዤ ስጸልይ፣ ከወንዙ ማዶ መብራት ሲበራ ሲጠፋ አየሁ። ነጭ የለበሰች ሴት ትነሳለች፣ ትሰግዳለች። ምንድን ነው ስል ይህ ሰውዬ በሬን ሊሰብር ደረሰ። ሆቴሉ ውስጥ ቅድስት ታየች አለኝ።»

«ወይም መንፈስ ብያለሁ» አሉ አቶ ዶይል። «አንዱን ለይቼ አልተናገርኩም።»

«እኔ ግን አሰብኩ። በዚያ ሆቴል ጎህ ሲቀድ የሚነሳ ሰው ማን አለ? የማርታ እናት ናት አልኩት። ለምቾት ብሎ ሆቴል የገባ ሰው በዚያ ሰዓት ወለል ላይ አይገኝም። ሳላውቅ አብሬዎት ስጸልይ ነበር ማለት ነው። ነገ የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው፣ እኛ ጋ።»

«እኛ ጋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አልኩ። «እናትዬዋ ግን አንዲት ናት።»

ማርታ ተረጎመች። ብሪጅት ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ ፈለገች። በቦርሳው ውስጥ መቁጠሪያዋን አየሁት፤ ዶቃው ከመዳሰስ ብዛት ቀለሙ ለቋል። ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሌላ ማየት አላስፈለገኝም።

«ስለዚህ» አለች ብሪጅት አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ወንድሜንና ጎረቤቴን ይዤ ልንለምንዎት መጥተናል። እምቢ አይበሉን። ወደ ቤቴ ይምጡልኝ።»

«እሺ» አልኩ። «ልጄንም ሰጥቻለሁ።»

ማርታ ወደ እኔ ዞረች።

«ተርጉሚ» አልኳት።

«እማዬ፣ ለምሳ እኮ ነው የጠሩሽ።»

«ለምን እንደጠሩኝ አውቃለሁ። ተርጉሚ።»

ተረጎመች። ኮነር አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ እንቁላሉ ውስጥ ወደቀ። ጉልበቱ ከአገጩ በላይ ሆነ። ማንም ሊያወጣው አልሄደም፤ ብሪጅት እኔን አቅፋኝ ነበር፣ ማርታ ሁለታችንን አቅፋን ነበር።

ስንላቀቅ ማርታ የሽማግሌዎቹን ወግ ለሁሉም አስረዳች። አቶ ፓትሪክ አዳመጡና ግራ ገባቸው።

«የቆምኩት እኮ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው። እዚያ ውስጥ ከገባሁ ትራክተር ነው የሚያወጣኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር በጉልበትም ይሠራል።»

«ወንበሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ልጆቹ አይጋቡም ነበር ማለት ነው?»

«ወንበሩን ይባርከው» አልኩ። ከልቤ ነው። ሆቴሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

«እማማ» አለ ኮነር ከእንቁላሉ ውስጥ፤ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ። እኔና የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሳብነው። ልማድ አለን።

በቢጫው በር የገባሁት በሽማግሌዎች ታጅቤ ነው። ምሳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል ብላ ብሪጅት አወጀች፤ እኔ ካልቀመስኩ ማንም አይቀምስም። ለምኜአት ነበር፣ አልሰማችኝም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰዓቱን እያዩ ተቀመጡ። በጉ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ አልቋል፤ አቶ ፓትሪክ ወደ ምድጃው በር በሐዘን ይመለከቱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳቦውን አቀረብኩ። ባርከው እንዲቆርሱት ለአቶ ፓትሪክ ሰጠኋቸው። ባርከው አያውቁም ነበርና ለላሞቻቸው የሚሉትን ጸሎት አሉበት። አሜን አልን። ለእኔ የተቀቀለ ድንች መጣልኝ፤ ብሪጅት ቅቤ ሳታደርግበት ስታቀርብ የበደለችኝ ይመስል ዓይኔን አላየችም። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም።

ሲመሽ አዲሱ አንሶላ ላይ ተኛሁ። ሽማግሌው ተልኳል፣ መልሱም ተሰጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ሆቴል የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ማርታ ከእኔ ጋር አደረች።

«የሆቴሉ ክፍልሽስ?» ብላኝ ነበር።

«ኮነር ይደርበት። ሙሽራ ከሙሽሪት ጋር አንድ ጣራ ሥር አያድርም።»

ኮነር ካርዱን ተቀብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ወረድኩ። ብሪጅት ቀድማኝ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፤ በዓሏ ነው። ቦታ ለቀቀችልኝ። እሷ መቁጠሪያዋን፣ እኔ ውዳሴ ማርያሜን ያዝን። ወንዙ ላይ ጉም አለ። ጸሎታችንን ስንጨርስ ክንዴን ነካ አደረገችኝና ወደ ማዶ ጠቆመች።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያቺ ክፍል ሐምራዊ ሆና በራች። ጠፋች። ደግማ በራች። አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ግድግዳውን ይነካል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል።

ብሪጅት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ ተናገረች፤ ይህን ያለ ማርታ ሰማሁት።

«ልጄ መጸለይ ጀመረ» አለች።

መጋረጃውን እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅጠሏን እንደነካ፣ መጋረጃው መሃል ደርሶ እንደተመለሰበት አውቃለሁ። ግን ምን ይታወቃል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ከቆየ ወደዚያውም መድረሱ አይቀርም።

«ተመስገን» አልኳት። እሷም በራሷ ቋንቋ እንደዚያው ያለች መሰለኝ።